ቺንጋው ከተበጠሰ አይግፉት

«ግፉት!» ይላል አንዱ። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚገነጠለው መንገድ ዳር አንድ ያረጀ ፒካፕ ከቆመ፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት አምስት ስድስት ጎረምሳ ከኋላ ይሰለፋል። ደግነታቸው የእውነት ነው፤ ባትሪው ለደከመ መኪናም መድኃኒት ነው። የታይሚንግ ቺንጋው ለተበጠሰ የናፍጣ ሞተር ግን እያንዳንዱ ግፊያ ሞተሩን ከውስጥ በመዶሻ እንደመምታት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከዚህ ነው፤ ልጆቹን አመስግነው ይመልሷቸው።

የምጽፈው በየመንገዳችን ሞልቶ ለሚታየው ለአሮጌው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ «ቱ ኤል»፣ «ስሪ ኤል» ወይም «ፋይቭ ኤል» የሚባለውን ሞተር ለያዘው። መጠናቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ነው። ሚኒባስ ታክሲዎቻችንም ለብዙ ዓመት የኖሩት በዚሁ የሞተር ቤተሰብ ስለሆነ ዕቃውም፣ የሚያውቀው እጅም አይጠፋም። ከእነሱ በኋላ የመጣው ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስም ቺንጋ አለው፤ ምልክቶቹና አገጣጠሙ ግን ሌላ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አይሥሩት።

«ለሠላሳ ዓመት መኪና ይህ ሁሉ ድካም?» የሚል ካለ፣ ዋጋውን ጠይቆ ይምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ሲገባ ባረጀ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ደህና ሻንሲ ያለው አሮጌ ፒካፕ እንደ ርስት የሚጠበቅ ንብረት ሆኗል።

መበጠሱን በምን ያውቃሉ?

ናፍጣ የተቋረጠበት ሞተር እየተንገጫገጨ፣ እያሳለ ነው የሚጠፋው። ቺንጋው የተበጠሰ ግን ቁልፉ እንደተዘጋ በአንዴ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ ከመጥፋቱ በፊት «ቋ» የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴ እሱም የለም። ሞተሪኖውን አንዴ ከሞከሩት ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል። ጤነኛ ሞተር ሲዞር በየፒስተኑ እየታገለ፣ እየተነፈሰ ነው፤ ቺንጋ አልባው ምንም እንዳልተሸከመ ጎማ በባዶ ይፈጥናል። አንዴ ከሞከሩ ይበቃል፤ ሁለተኛ ቁልፉን አይንኩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቺንጋው ታች ያለውን ክራንክሻፍት፣ ላይ ያለውን ካምሻፍትና ከጎን ያለውን የናፍጣ ፖምፓ አንድ ላይ አስሮ የሚያዞር ነው። የእነዚህ ሞተሮች ፒስተን አየሩን ወደ 22 እጥፍ ያህል ነው የሚያምቀው። ይህን ለማድረግ ቴስታታውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወጣል። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ የተከፈተ ቫልቮላ ካገኘ ይመታዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዱ ቫልቮላ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ፒስተኑ ግን በመኪናው ፍጥነት ገና ይወጣል ይወርዳል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። የተረፈውን የምንጨርሰው እኛ ነን፤ በሞተሪኖ፣ በግፊያ፣ ማርሽ አስገብቶ በመጎተት።

ሲያስጎትቱ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ሞተሩ ከጠፋ የፍሬኑ አጋዥ አየር ስለሚያልቅ ፔዳሉ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ መሪውም ይከብዳል። በሰበታ ቁልቁለት ወይም ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ጠመዝማዛ ይህ ቀልድ አይደለም። ከገመድ ይልቅ ጠንካራ ብረት መጎተቻ ይፈልጉ። ለጎማ ያስደገፉትን ድንጋይ ደግሞ ሲነሡ ከአስፋልቱ ላይ ያንሱት። እሱን ትቶ የሚሄድ ሾፌር የራሱን ችግር ለማታ መንገደኛ አሳልፎ የሚሰጥ ነው፤ ስንት ሰው ነው በእሱ የተጎዳው።

አፈታቱ

ፍሪሲዮን አውርዶ የመለሰ ሰው ይህን ሥራ አያቅተውም። የሚያስፈልገው የቡሶላ ሙሉ ስብስብ፣ ረጅም እጀታ፣ የቶርክ መፍቻ፣ የፑሌጃ ማውጫ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶችና ነጭ ቀለም ነው። ቦታው ደረቅና ነፋስ የማያቦንነው ይሁን። በዓለም ገና የበጋ አቧራ ላይ የተከፈተ ሞተር አሸዋ ይጠጣል፤ በክረምቱ ጭቃ ደግሞ የወደቀች ብሎን አትገኝም።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። የራዲያተሩን ውኃ በንጹሕ ጀሪካን ያጠራቅሙ፤ ከዚያ የላይኛውን ጎማ ቱቦ፣ የፋኑን ከለላ፣ የውጭ ቺንጋዎቹንና ፋኑን ያውርዱ። በእነዚህ ሞተሮች የውኃ ፖምፓውን የሚያዞረው የውጭው ቺንጋ ነው፤ ከታይሚንጉ ጋር አይገናኝም። ቢሆንም ፋኑ ከወረደ አይቀር የፖምፓውን ዘንግ ይዘው ያነቃንቁት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዛሬ ይቀይሩት።

አስቸጋሪው የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ብሎን ነው። ማርሹን አራተኛ ላይ ያስገቡ፣ አንድ ሰው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፣ እርስዎ እጀታው ላይ የውኃ ቧንቧ አጥልቀው ይጫኑ። መፍቻውን ከሻንሲው ጋር አስደግፎ በሞተሪኖ «ጠቅ» ማድረግ የሚባለውን የጋራዥ ብልሃት እዚህ አያስቡት፤ ቫልቮላዎቹን የሚያስመታው እሱ ነው። ፑሌጃውን በማውጫ እንጂ በካቻቢቴ እየነቀነቁ አያውጡት፤ ጠርዙ ይሰበራል። ከዚያ የታይሚንጉ ሽፋን ይቀራል። ብሎኖቹ ከአሥር ያላነሱ ሲሆኑ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት።

የተበጠሰውን ቺንጋ አይጣሉት

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ይቸኩላል። ልጁ አሮጌውን ቺንጋ ወደ ጥግ ይወረውርና አዲሱን ሊያገባ ይጎነበሳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ተሠርቶልኝ አዲሱ ቺንጋ ሁለት ወር አልሞላውም። አሮጌው ለምን እንደሞተ በራሱ ገላ ላይ ጽፎታል፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያንብቡት።

ጀርባው ተሰነጣጥቆ፣ ጥርሱ ከሥሩ ተፈረካክሶ ከሆነ በእርጅና ነው የሞተው፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው ዜና ነው። ጎማው ላልቶ፣ አብጦ፣ ናፍጣ ወይም ዘይት የሚሸት ከሆነ ጥፋተኛው ኦይል ሲል ነው፤ የክራንክሻፍቱ የፊት ሲል፣ የካምሻፍቱ ሲል ወይም የናፍጣ ፖምፓው ዘንግ ሲል። አንዱ ጠርዝ እንደ ክር ተተልትሎ ከሆነ ቺንጋው ወደ ጎን ሲሄድ ነበር ማለት ነው፤ መወጠሪያው ኩሽኔታ አብቅቷል፣ ወይም ፊት ያለው መጠበቂያ ሳህን ተገልብጦ ገብቷል። ቺንጋው ሳይበጠስ በአንድ ቦታ ብቻ ጥርሱ ተላጭቶ ካገኙት ደግሞ የያዘው ነገር አለ፤ ካምሻፍቱ ወይም የናፍጣ ፖምፓው ነክሶ ቆሟል። ይህን ሳያዩ አዲስ ያገቡት ቺንጋ ዕድሜው የአንድ ቁልፍ ነው። በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ የተበጠሰ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲገጠም ወይም ሱቅ ሲቀመጥ የታጠፈ ነው፤ በውስጡ ያለው ክር አንዴ ከታጠፈ ጊዜውን ይጠብቃል እንጂ አይድንም።

መወጠሪያውን በጣትዎ ያሽከርክሩት። አዲስ ኩሽኔታ በቅባቱ ምክንያት ከበድ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ ነው የሚዞረው። የሚንሿሿ ወይም ለረጅም ጊዜ በነጻ የሚሽከረከር ከሆነ ቅባቱ አልቋል። እኔ ሁልጊዜ ከቺንጋው ጋር እቀይረዋለሁ፤ ሞላውንም ጭምር። ለሦስቱ ኦይል ሲሎችም ያው ነው። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ድካሙ ሁሉ ግን እዚያ ለመድረስ ነው፤ እሱን ደግሞ አሁን ጨርሰውታል።

ምን ሰበረ?

ቺንጋ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዋናው ጥያቄ ሲበጠስ ምን ይዞ ሄደ የሚለው ነው፤ ይህን ሳይመልሱ አዲስ ቺንጋ አይግዙ።

የቫልቮላውን ክዳን ያውርዱ። የድሮው ቱ ኤል ቫልቮላውን የሚጫነው በሮከር ክንድ ነው፤ በኋላ የመጣው ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል ግን ካምሻፍቱ በቀጥታ የብረት ኩባያ ላይ ያርፋል፣ በላዩ ውፍረቱ የተለካ ክብ ብረት አለ። በሮከሩ ሞተር ዱላው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በክንዶቹ ላይ ነው፤ ተሰብረው ያገኟቸዋል። በኩባያው ሞተር መሃል ላይ የሚሰበር ክንድ ስለሌለ ምቱ ወደ ላይ ያልፋል፤ የካምሻፍቱ መያዣ ክዳኖች ይሰነጠቃሉ፣ ካምሻፍቱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን ክዳንና ካምሻፍቱን በሙሉ ርዝመቱ ይመርምሩ። የፀጉር ያህል ስንጥቅም ስንጥቅ ነው።

አሁን የካምሻፍቱን ክዳኖች ብሎን ከዳር ወደ መሃል፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ በእኩል ያላሉና ያንሷቸው። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ካለፉ ያልተሰበረውን ካምሻፍት እርስዎ ይሰብሩታል። ክዳኖቹ ቁጥር አላቸው፤ ቦታ አይለዋወጡም። ኩባያዎቹንም ከእነ ክብ ብረታቸው በተራቸው ያስቀምጡ። ካምሻፍቱ ሲነሣ ሞላዎቹ ቫልቮላዎቹን ሁሉ ይዘጋሉ፤ ከዚህ በኋላ ክራንክሻፍቱን ያለ ሥጋት በእጅ ማዞር ይቻላል። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ካወጡ ደግሞ በጣም ይቀላል። ሲዞር የሚነካካ ነገር ከተሰማዎት ያልተዘጋ ቫልቮላ አለ፤ ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ቴስታታው ይወርዳል።

ምንም ካልነካ የመጀመሪያውን ፒስተን ጫፍ ላይ ያድርሱ፤ የፑሌጃው ጭረት በሽፋኑ ላይ ካለው ጠቋሚ የሚገጥምበት ቦታ ነው። ሽፋኑና ፑሌጃው ስለወረዱ ለጊዜው መልሰው አስደግፈው ይዩትና፣ በክራንክሻፍቱ ጥርስና በብሎኩ ላይ የራስዎን ነጭ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱት። እዚህ ቦታ ላይ አራቱም ፒስተኖች መሃል ለመሃል ስለሚሆኑ ካምሻፍቱ እንደፈለገ ቢዞር የሚመታው የለም። ሥራውን ሁሉ ከሥጋት የሚያወጣው ይህ ሩብ ዙር ነው፤ ባይከብደኝ ኖሮ ከዓለም ገና እስከ ቡራዩ ባለው ጋራዥ ሁሉ በር ላይ እጽፈው ነበር።

ካምሻፍቱን መልሰው ክዳኖቹን በእኩል እያጠበቁ ይሰሩትና በእያንዳንዱ ቫልቮላ ላይ ክፍተቱን ይለኩ። በኩባያው ሞተር፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ የማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። የታጠፈ ቫልቮላ መቀመጫው ላይ ጨርሶ ስለማያርፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ከጓደኞቹ በጣም ሰፍቶ ይገኛል። ሰባቱ ልክ ሆነው አንዱ ወረቀት እንደሚያሳልፍ በር ካፈገፈገ እሱ ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ ጎሚስታውን ይለምኑት። በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ መጋጠሚያ ቶርኖ ቤት ያሠሩና፣ ካምሻፍቱን ያ ሲሊንደር ሁለቱ ቫልቮላዎች በተዘጉበት አቁመው ከኮምፕሬሰሩ ቀስ ያለ አየር ይልቀቁ። በዚህ ጊዜ ክራንክሻፍቱ በማርሽና በፍሬን መያዝ አለበት፤ አየሩ ፒስተኑን ሊገፋው ይችላል፤ እጅዎን ያርቁ። በአየር ማጣሪያው በኩል ከነፋ ማስገቢያው፣ በማርሚታ ከነፋ ማስወጫው አይዘጋም። በዘይት መሙያው የሚሰማው ትንሽ ትንፋሽ የፋሻ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር ጥቂቱን ይቅር ይሉታል።

ካምሻፍት ወይም ሙሉ ቴስታታ መግዛት ግድ ከሆነ መንገዱ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ ቴስታታ ሲገዙ ከሞተርዎ ስም ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል ዓይን ያምታታሉ። በቫልቮላዎቹ መቀመጫ መካከል ስንጥቅ ይፈልጉ፣ ካምሻፍቱንም ክዳኖቹንም ከአንድ ቴስታታ የወጡ ያድርጉ፤ ክዳኖቹ የተሞረዱት ከዚያው አካል ጋር ስለሆነ ከሌላ አይስማሙም። አዲሱን ቺንጋ ደግሞ ከአሮጌው ጎን ዘርግተው ጥርሱን ይቁጠሩ፣ ስፋቱን ያስተያዩ። ነጋዴው ጠቅልሎ በላስቲክ አጥብቆ ያሰረውን አይግዙ። ማሸጊያው ላይ የታተመው ስም ብዙ ዋስትና አይሰጥም፤ ቁጥሩ ደብዛዛ፣ ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ይመልሱት።

አገባቡ

አሮጌዎቹን ሲሎች አውጥተው አዲሶቹን በጥቂት ዘይት አርሰው ያስገቡ፤ ቦታውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ቺንጋው የሚያርፍበት ላይ ቅባት አይነካካ።

ክራንክሻፍቱ ገና በሩብ ዙሩ ላይ እንዳለ፣ የካምሻፍቱን ፑሌጃ ምልክት ከቴስታታው ምልክት፣ የናፍጣ ፖምፓውን ፑሌጃ ምልክት ከአካሉ ምልክት ጋር ያግጥሙ። ካሙና ፖምፓው ከቆሙ በኋላ ክራንክሻፍቱን ያችን ሩብ ዙር ወደ ፊት መልሰው ነጭ ምልክትዎ ላይ ያቁሙት። ፖምፓው ያስቸግራል፤ በውስጡ ያለው ሞላ ምልክቱ ላይ እንዲቆም አይፈቅድለትም፣ ሸርተት ይላል። አንድ ሰው በመፍቻ ይዞ ያቆየው።

ቺንጋውን ከክራንክሻፍቱ ጀምረው ያጥልቁ። መወጠሪያው በሌለበት በኩል ያለው የቺንጋ ክንድ ከጥርስ እስከ ጥርስ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ትርፉ ሁሉ በመወጠሪያው በኩል ይከማች። በካቻቢቴ አይገፉት፣ አያጥፉት። ከዚያ የመወጠሪያውን ብሎን ላላ አድርገው ሞላው ራሱ ይወጥረው። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ሞላውን አያምነውም፤ በብረት ይደግፍና «ጠበቅ ይበል» ይላል። ከልኩ በላይ የተወጠረ ቺንጋ እንደ ፉጨት ይጮኻል፣ ኩሽኔታውንም የፖምፓውንም ዘንግ ይበላል።

መወጠሪያው ገና ሳይጠብቅ ክራንክሻፍቱን በመፍቻ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ወደ ኋላ አይመልሱ። በመሃል ደረቅ ግጭት ከተሰማ ያቁሙ፤ ጉልበት አይጨምሩ። ሁለቱ ዙር ሲያልቅ ሦስቱም ምልክቶች ቦታቸው ካሉ መወጠሪያውን ያጥብቁ። አንዱ ጥርስ ፈቀቅ ካለ ያውልቁና እንደገና። እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያወቅሁት ቀን ነበር፤ ረዳቴ የያዘውን ፖምፓ ለስልክ ብሎ ለቆት ኖሯል።

መጠበቂያው ሳህን ጎድጓዳው ወደ ውጭ ሆኖ ይግባ። ከዚያ ሽፋኑ፣ ፑሌጃውና ብሎኑ በቶርክ መፍቻ፤ ልኩ እንደ ሞተሩ ዓመት ስለሚለያይ ከመመሪያ መጽሐፉ ይውሰዱት። የላላ የፑሌጃ ብሎን የክራንክሻፍቱን ጫፍ ይበላና ከቺንጋው የከበደ ጣጣ ያመጣል።

ሲያስነሡ

ካንዴላዎቹን ከመመለስዎ በፊት የኮምፕሬሽን መለኪያ ካገኙ ይለኩ። መጽሐፉ ለእነዚህ ሞተሮች 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይላል፤ ዝቅተኛው 20፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 አይለፍ ይላል። ይህ ቁጥር ግን የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ የሳሳበት አገር ነው፤ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ከ32 በብዙ ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ አራቱ ተቀራራቢ መሆናቸውን ይዩ።

ሁሉን መልሰው፣ ውኃውን ሞልተው ያስነሡት። ነጭ ጭስ እያወጣ ጉልበት ካጣ ፖምፓው ዘግይቷል፤ እንደ መዶሻ እየቀጠቀጠ ከተነሣ ቀድሟል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የአንድ ጥርስ ስሕተት ናቸው። ያጥፉት፣ ሽፋኑን መልሰው ይክፈቱ፤ «ሲሞቅ ይስተካከላል» የሚለውን ወሬ አይስሙ።

ዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የምትበራ የቺንጋ መብራት ትኖራለች። በአንዳንዱ መኪና በኪሎ ሜትር ቆጣሪው መስታወት ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ አንሥተው በቀጭን ዘንግ ሲጫኑ ትጠፋለች፣ በሌላው ከጀርባ ብሎን ቦታ ይለወጣል። ቆጣሪው ቆሞ የኖረ ወይም የተመለሰ ከሆነ፣ በእኛ ገበያ ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም፣ መብራቷን አይመኑ። ቦሎ ሲታደስም ፍሬንና መብራት ነው የሚታየው፤ ይህን ሽፋን የሚከፍት የለም። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ኪሎ ሜትሩን በነጭ ቀለም ሽፋኑ ላይ ይጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሽፋኑ ሥር ጣትዎን ያሳልፉ፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ አንዱ ሲል በደንብ አልተቀመጠም፣ ቺንጋው ሳይነከር ይክፈቱት።